ቀለሙ መጨረሻ ይምጣ

ፎቶው ያምራል፤ ይሄን አልክድም። ብርቱካንማና ነጭ ኮምቢ ከእንጦጦ ባህር ዛፎች ስር ቆሟል። የሚነሳው ጣሪያ ተነስቶ ባለ መስመር ሸራው ይታያል። ተንሸራታቹ በር ተከፍቷል፤ ከውስጥ ትራሶች፣ ቢጫ አምፖሎች፣ ትንሽዬ ረከቦት። ደፉ ላይ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ተቀምጣለች፤ ሙሽራው የሆነ ነገር ብሏት እየሳቀች ነው። ከፎቶው ስር እኔ ራሴ የጻፍኩት አለ፦ «በገዛ እጄ፣ በግቢያችን ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰ።» ከለጠፍኳቸው ነገሮች ሁሉ የዚህን ያህል የተወደደልኝ የለም።

ፎቶው ላይ የሌለውን ልንገራችሁ። ከመነሳቱ ሃያ ደቂቃ ገደማ በፊት፣ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትን ስንወጣ ቤንዚን ሸተተኝ። ከፊታችን ያለው አይሱዙ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ፤ አይሱዙ በናፍጣ እንደሚሄድ እያወቅኩ። ሽታው በረታ። ዳር ይዤ ቆምኩና «ሞተሩ ትንሽ ይረፍ፣ እናንተ ውረዱና ንፋስ ተቀበሉ» ብዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። የሞተሩን ክዳን ስከፍት ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የቤንዚን ጎማ ጫፉ ተሰንጥቆ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ከዚያ ቢበዛ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

የተሰነጠቀውን ጫፍ በምላጭ ቆርጬ የቀረውን ጎትቼ መልሼ ሰካሁት። ፋሸታውን አጠበቅኩ። የፈሰሰውን በሻሼ ጠረግኩ። ከዚያ ሙሽሮቹን መልሼ ጫንኳቸውና ወደ ላይ ቀጠልን። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳት አልተነሳም፤ ስለዚህ ማንም አላወቀም። ፎቶው ግን ተነሳ።

ሙሽሪት የአክስቴ ልጅ ናት። አብረን ነው ያደግነው።

ይሄን የምጽፈው ራሴን ለመክሰስ ነው፤ ግን ብቻዬን ችሎት ፊት አልቆምም፣ አብራችሁኝ ትቆማላችሁ። አሮጌ መኪና፣ በተለይ አሮጌ የጉዞ መኪና፣ እቤት ውስጥ ማደስ ፋሽን ሆኗል። ቪዲዮዎቹን እናውቃቸዋለን፦ በመጀመሪያው ሰከንድ የዛገ ቆርቆሮ፣ በሠላሳኛው ሰከንድ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ ትራስና ቡና። በመሃል ምን እንደሆነ አይታይም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በቀለም የሚጀምር እድሳት እድሳት አይደለም፣ ማታለል ነው። ሰው የሚጫንበት ነገር ላይ ሲሆን ደግሞ ማታለል ብቻም አይደለም።

መኪናዋ እንዴት እኔ ዘንድ እንደደረሰች በአጭሩ። ቮልስዋገን ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው፤ «ሁለተኛ» ያሰኘው የመጀመሪያው ዓይነት ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ ስለሆነች። ሐሳቡ የመጣው ቤን ፖን ከሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ነጋዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሣጥን መሰል ነገር ሣለ፣ በ1950 ፋብሪካው ማምረት ጀመረ። ወዲያው በ1951 ዌስትፋሊያ የሚባል የጀርመን ድርጅት ውስጡን አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ጠረጴዛ እያደረገ ወደ ጉዞ ቤትነት ይለውጠው ገባ። የእኔዋ ከ1967 በኋላ ከመጣው፣ የፊት መስታወቱ አንድ ወጥ ከሆነው ትውልድ ናት። አንድ ጀርመናዊ አስተማሪ ይዟት መጥቶ፣ በአብዮቱ ዘመን አገር ለቆ ሲሄድ ለአጎቴ ሸጠለት። አጎቴ ለጥቂት ዓመታት ነዳት፣ ከዚያ ሸራ አለበሳት። እኔ ሳውቃት ዶሮዎች ይፈለፈሉባት ነበር። «ከወደድሻት ውሰጂያት» ሲለኝ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእጄ ካቻቢቴ ይዤ አላውቅም።

መጀመሪያ ምን አደረግኩ? የስምንት ወር ቁጠባዬን ይዤ ቀለም ቤት ሄድኩ።

ቀለም ቤቱን አልሰድብም፣ ስሙንም አልጠራም። የጠየቅኩትን ሠራልኝ። «እንድታምር ነው የምፈልገው» አልኩ፤ አማረች። ሦስት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ ሰፈሩ ወጥቶ አያት። ከዚያ እኔ ውስጧን ያዝኩ፦ የበሰበሰውን የዌስትፋሊያ ቁም ሣጥን አውጥቼ በአዲስ ኮምፔንሳቶ ቀየርኩ፣ ትራስ አሰፋሁ፣ አምፖል ዘረጋሁ። ይሄን ሁሉ እየቀረጽኩ። ሞተሩን አንድ የሰፈር ልጅ ካርቡራተሩን አጥቦ አስነሳልኝ። ተነሳ፤ በቃ፣ «ይሠራል» አልን። አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይሄ «በቃ» ነው።

ከሠርጉ አንድ ሳምንት በኋላ ጎማ ለመቀየር ክሪክ አገባሁ። ክሪኩ ወደ ላይ ወጣ፤ መኪናዋ ግን አልወጣችም። ከበሩ ስር ያለውን የብረት ሣጥን ሰርስሮ ገባ። ተንበርክኬ ስመለከት የተሰበረው ብረት አይደለም፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ኋላ የጆንያ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ከጆንያው ኋላ ዝገት። ከዝገቱ ኋላ ምንም።

ከማቀዝቀዣችን በር ላይ ማግኔት ነቅዬ መጣሁና ዙሪያዋን እያስጠጋሁ ዞርኳት። ላሜራ ላይ ማግኔት ይይዛል፤ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ማንም ሰው በአምስት ደቂቃ የሚያደርገው ፈተና ነው፣ ገንዘብ አያስወጣም፣ ባለሙያ አያስፈልገውም። በግራ በኩል ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ማግኔቱ የያዘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ቁንጅና ብቻ የሚያበላሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጭነት መኪና ከስሩ ለብቻው የቆመ ሻንሲ አለው፤ ኮምቢ እንደዚያ አይደለም። ወለሉ፣ የጎን ሣጥኖቹ፣ መሻገሪያዎቹ ሁሉ እርስ በርስ ተበይደው ነው ክብደት የሚሸከሙት። ቆዳው ራሱ አጥንት ነው። ነጂው ደግሞ የሚቀመጠው ከፊት ጎማዎቹ በላይ ነው፤ ከእግሩ ፊት ሞተር የለም፣ ያለው አንድ ላሜራ ነው። ዝገት ደግሞ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ውሃ ሣጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መውጫው በጭቃ ተደፍኗል፣ ብረቱን ከኋላው ይበላል። ከውጭ አረፋ መስሎ ብቅ ሲል የምታዩት መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን ነው። በላዩ ስቱኮ ስትለጥፉበት እርጥበቱን ዘጋችሁበት እንጂ አላቆማችሁትም። ቀለም የተቀባ ዝገት ካልተቀባው የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ያልተቀባው ቢያንስ አይዋሽም።

ቤንዚኑ ደግሞ አለ። የእነዚህ ሞተሮች ብሎክ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው። ቀላል ስለሆነ ተመረጠ፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ግን ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሞተሩ ያለው ከኋላ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሳልባትዮው ከግድግዳው ወዲያ ማዶ፣ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በመሃከላቸው ያለው ሁሉ በጎማ ነው የተያያዘው፣ ጎማ ደግሞ ያረጃል፤ ቢነዱትም ቢያቆሙትም ያረጃል። በዓለም ዙሪያ የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ሁሉ የሚያውቁት አደጋ ይሄ ነው። እኔ አላውቅም ነበር፤ የትራስ ጨርቅ ስመርጥ ነበርኩ። ያቺ የጎማ ቁራጭ ደግሞ የምታወጣው ገንዘብ አምፖሎቹን ለማንጠልጠል ከገዛሁት ሽቦ ያነሰ ነው።

«ገንዘብ ስለሌለን ነው» የሚለውን ክርክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። እንዲህ ብላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ፣ አውቃለሁ፦ አገሩ ውስጥ መለዋወጫ የለም፣ ደሞዝ አይበቃም፣ ሰው ባለው ነው የሚሠራው። እውነት ነው፣ ደግሞም እውነት አይደለም። ውድ የሆነው ቀለሙ ነው። የቤንዚን ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ ፋሸታ፣ ዝገት የሚፍቅ የሽቦ ብሩሽ፣ እነዚህ ናቸው ርካሾቹ። ዳገቱን ስንወጣ ገንዘብ አጥሮኝ አልነበረም። የማይታይ ነገር ላይ ማውጣት አላማረኝም ነበር።

ሌላው ክርክር የበለጠ ያናድደኛል። «ለባለሙያ ስጪው።» ሠላሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከመኪናዋ ስር ተኝቼ እግሬ ብቻ እየታየ፣ የሚያልፍ ሰው ባትሪ የያዘልኝን ታናሽ ወንድሜን «ምን ሆና ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ወንድሜ ምንም አያውቅም፣ ግን ቆሟል፣ ወንድ ነው። እናቴ ደግሞ በበኩሏ «ዲግሪ የተማርሽው ለዚህ ነው?» ትለኛለች። አጼ ምኒልክ ባለ እጁን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁን በየዓመቱ እናጋራዋለን፣ ልብ እንለጥፍበታለን፤ ጥፍሯ ውስጥ ግሪስ ያለባትን ሴት ካፌ ውስጥ ስናይ ግን ወንበር እናርቃለን።

«ባለሙያ» ካላችሁ፣ ስቱኮውን የለጠፈው ማን ሆነና? ባለሙያ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፣ የጆንያውን ጨርቅ እንኳን በሥርዓት ነው የጠቀጠቀው። ችግሩ ሙያው አይደለም። ችግሩ የተከፈለው ለሚታየው መሆኑ ነው፤ የከፈልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን የሚያስተምሩኝ ጋሼ (በቮልስ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መካኒክ ናቸው፣ ስማቸው እንዳይጻፍ ብለውኛል) አንድ ቀን እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ እንዲህ አሉኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ፍሬኑ ይቀየር ስል ደንበኛው ይከራከረኛል፣ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ይጠይቃል። ቀለም ቀቢው ግን ሂሳብ ሲነግረው 'መቼ ይደርሳል?' ብቻ ነው የሚለው። ታዲያ ልጄን ምን ላስተምረው?» መልስ አልነበረኝም። ልጃቸው ቀለም ቤት ነው የሚሠራው።

ጋሼ ዘንድ መሄድ የጀመርኩት ከክሪኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቋንቋ መማር ነበር። ኢንተርኔት የሚያወራኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው የሚያወሩኝ በአማርኛ ነው ብዬ ነበር፤ ለካስ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፍሬቻ። ጣሊያን ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ጋራዣችን ውስጥ ግን ቃላቱ ዘይት ተቀብተው አሉ። ደስ የሚለኝ ነገር ነው። እነዚህን ቃላት ትምህርት ቤት አላስተማረንም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመፍቻ ጋር አብረው ነው የመጡት።

እሳቸው ያስጀመሩኝ በቫልቭ ነው። በእነዚህ አየር በሚያቀዘቅዛቸው ሞተሮች ላይ የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ፣ ጋቢ ለብሼ፣ ከመኪናዋ ስር ምንጣፍ ዘርግቼ እተኛለሁ። ስስ ብረቷ በክፍተቱ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለባት፤ ካልያዘች ሰፍቷል፣ ካልገባች ጠቧል። በጣም ከጠበበ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ይቃጠላል፤ ሰባራው ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ቫልቭ። መጀመሪያ ቀን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ አሁን አርባ ደቂቃ። ይሄን ሥራ ማንም አያየውም። ፎቶ ብታነሱት እንኳን የሚታየው ጥቁር እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጆን ሚዩር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ቮልስዋገንን በሕይወት ስለማቆየት መጽሐፍ አሳተመ፤ ንዑስ ርዕሱ ላይ መጽሐፉ «ለፍጹም ጅል» መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ስድብ ይመስላል፣ ግን አክብሮት ነው፦ ምንም የማያውቅ ሰው፣ ራሱን ሳያታልል፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ መማር ይችላል ማለቱ ነው። እኔ «አማተር» የሚለውን ቃል የምረዳው እንደዚህ ነው። አማተር ማለት በግምት የሚሠራ አይደለም። ባለሙያው ቸኩሎ የሚያልፈውን ቦታ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ነው። ቅዳሜ አለኝ፣ ከቅዳሜ በኋላ ሌላ ቅዳሜ አለኝ። ደንበኛ አይጠብቀኝም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጊዜ እያለኝ ወደ ቀለም የሮጥኩት ለምንድነው?

ገደቤንም አውቃለሁ። የጎን ሣጥኖቹን እኔ አልበየድኩም፤ መበየድ ስማር በቆሻሻ ላሜራ ላይ ነው የምማረው እንጂ ሰው በሚቀመጥበት ላይ አይደለም። ግን በያጁ ሲመጣ ቀለሙ ተፍቆ፣ የበሰበሰው ተቆርጦ፣ ጥሩው ብረት እስከሚጀምርበት ድረስ ተከፍቶ ነው የጠበቀው። አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ስቱኮ ሊያነሳ ሲል «አይሆንም» አልኩት። ተበሳጨ፤ ቆይቶ ግን ራሱ ሌላ የተበላ ቦታ አሳየኝ።

የጉዞ መኪና ደግሞ ከሌላው የባሰ የሚደብቀው አለ፣ ምክንያቱም ቤት ነው። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ውሃ ይገባል፣ እኔ ደግሞ በአዲስ ኮምፔንሳቶ ሸፍኜዋለሁ። ሰው ይተኛበታል። የእነዚህ መኪኖች ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው፤ እዚያ ቀዳዳ ካለ የማይሸተው ጋዝ ውስጥ ይገባል። የእኔን ስፈታው ሁለት ቦታ ተበስቷል። «ተራራ ላይ ስንተኛ ማሞቂያ ይኖራታል» ብዬ ጽፌ ነበር እኮ። አሁን መስመሩ ተዘግቷል፤ ብርድ ልብስ እንለብሳለን።

«ለራስሽ ነው፣ ምን አገባን?» የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባችኋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። ክርክሩ ሌላ ቀን ይሁን፤ ግን እዚህ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ይነዳሉ፣ ከየግቢው ሸራቸውን እየገለጡ ይወጣሉ። ማን ያድሳቸዋል? እኔን የመሰሉ ሰዎች። እኛ የምንለጥፈውን ቪዲዮ አይተው የሚጀምሩ ልጆች። የእኔን ፎቶ አይቶ «እኔም የአባቴን ቮልስ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ቀለሙን የት ነው ያስቀባሽው?» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። የቀለም ቤቱን ስልክ ሰጠሁት። ስለ ጎማው ግን ምንም አላልኩትም። ካወቅኩ በኋላ ጻፍኩለት፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

በነገራችን ላይ ከቀለም ቀቢዎች ሌላ «ኦሪጅናል» የሚሉም አሉ። ትክክለኛውን የበር እጀታ ፍለጋ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ፤ የፍሬን ዘይታቸው ግን እንደ ቡና ጠቁሯል። እነሱም ዘመዶቻችን ናቸው።

አሁን መኪናዋ አስቀያሚ ናት። በሽቦ ብሩሽ የተፋቀ፣ በግራጫ ፕራይመር የተለበለበ፣ አንዳንድ ቦታ ብርቱካንማ የቀረባት ነገር። ሰፈሩ «አበላሸችው» ይላል። ፍሬኑ አዲስ ነው። የቤንዚን ጎማዎቹ በሙሉ አዲስ ናቸው። ከፊት ወንበሩ ስር እሳት ማጥፊያ አለ፣ ቤንዚኑ ብረቱን ሳያቀጣጥል በፊት ለመድረስ። ከተማው 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ሲወለድ 50 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ዳገት ላይ አይሱዙ ያልፈናል። ይለፈን።

ባለፈው ወር የአክስቴን ልጅ ቡና ጠራኋትና ነገርኳት። ዳገቱን፣ ጎማውን፣ ሻሹን፣ ሁሉንም። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር እንደነበረች የነገረችኝ አሁን ነው፤ እኔ አላወቅኩም፣ ሠርጉ ላይ ማንም አላወቀም። ከዚያ ተነስታ ወደ ግቢ ወጣችና መኪናዋን ዞራ አየቻት፤ ከበሩ ስር አዲስ የተበየደውን ቦታ በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገች።

«ቀለሙስ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሳልባትዮው ሳይወጣ አይሆንም። እሱን ለማውጣት ደግሞ መጀመሪያ ሞተሩ መውረድ አለበት።»

«እሺ» አለች። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አላወረደችውም፤ እኔ ግን ከስሩ የጻፍኩትን አጥፍቼዋለሁ። ሞተሩን ቅዳሜ እናወርዳለን፣ ጋሼም ይመጣሉ።